የቤተሰብ መቀመጫ የተባለው ድንኳን

ጻፊ እንግዴህ፣ በነገርኩሽ ልክ። ያኔ አስፋልቱ ከተማችን መካነ ኢየሱስ አልደረሰም። ሞባይል የያዘው ሰውም ጥቂት ነበር፤ እሱም ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ለጉብታ ሲዞር ነበር የሚውለው። የኳስ ሜዳችን ከትምህርት ቤቱ በታች ነው። ግቡ የባሕር ዛፍ እንጨት፣ መስመሩ አመድ። በአንድ በኩል ተረተር አለ፤ ከተማው ሁሉ እሱ ላይ ቆሞ ነበር ኳስ የሚያይ።

ስለ ተረተሩ መጀመሪያ ልንገርሽ፣ እናንተ አላያችሁትምና። እህሉ ከውድማ ከገባ በኋላ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የማይመጣ ሰው የለም። ሸማኔው፣ ሥጋ ሻጩ፣ አህያውን ያራገፈ ባላገር፣ የቆሎ ተማሪው ሳይቀር። እኛ ሴቶቹ እንዝርታችንን ይዘን እንመጣለን። እኔ ቆሜ ነው የምፈትል። ጎል ሲገባ እልል ስል እንዝርቱ ከእጄ ያመልጥና ቁልቁል ይንከባለላል፤ ሰዉ ከታች እየተቀባበለ ይመልስልኛል። ከጎኔ የሚቆም አንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፣ እስላም ነው፤ ሱቁን ዘግቶ ነው የሚመጣ። እሱ ባለበት ዳኛ ሰላም የለውም። “ዳኛው፣ ፊሽካውን ለበሬህ አንጠልጥልለት፣ እሱ ይሻላል” ይለዋል። ዳኛው ራሱ ሲስቅ አይቼዋለሁ።

ስድብ ነበር፤ የለም አልልም። ግን ልክ ነበረው። የልጁ እናት እዚያው መሐል ቆማለች፣ ማን አፉን ይከፍታል? አንዱ ጎረምሳ በረኛውን በእናቱ ሊሰድብ ሲል ነጋዴው ትከሻውን ይይዘውና “ዝም በል፣ እናቱ ከኋላህ ናት” ይለዋል። ልጁ ዞር ብሎ ያያታል፣ አንገቱን ይደፋል። እሷም በእንዝርቷ ጫፍ ጀርባውን ወጋ ታደርገዋለች። ማንም ያልደነገገው ሥርዓት ነበር።

የመጨረሻው ልጄ፣ አጎትሽ፣ አጥቂ ነበር። ዓይናፋር ነው፣ ሰው ካላሞቀው አይሞቅም። ኳስ እግሩ ሲገባ እኔ ከላይ “አለሁ” እላለሁ። ሌላ ቃል የለኝም። “አለሁ” ስል ሴቶቹ “አለን” ይላሉ፣ ከዚያ ወንዶቹ ይቀበላሉ፣ ተረተሩ በሙሉ አንድ ድምፅ ይሆናል። ያን ጊዜ ልጄን ማንም አይዘውም ነበር።

በዚያ ዓመት ከደብረ ታቦር ሁለት ሰዎች ይመጣሉ ተባለ። ለዞኑ ቡድን ልጅ የሚመርጡ ናቸው። የተመረጠው እዚያው እየበላ፣ እዚያው እየተኛ ይሠለጥናል አሉ። ልጄ ትምህርቱን ለኳስ ብሎ ትቷል። የዕድሜ ገደብ አላቸው አሉ፣ ከዚያ ካለፈ አይወስዱም፤ ለሱ ያ ዓመት የመጨረሻው ነበር። ስንት ቀን እህል አልበላ አለኝ። “እማ፣ ያን ቀን ካላየሁሽ አይሆንልኝም” አለኝ። “የት እሄዳለሁ ብለህ ነው፣ ተረተሬ ላይ ነኝ” አልኩት።

እዚህ ላይ ነው ያ ሰብሳቢ የሚመጣው። የስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሰው ነው። በበጋ አቧራ ከረባት ያስራል። ብብቱ ስር ደብተር አለች፤ ሲጽፍባት ግን አይቼው አላውቅም። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ወርዶ ትልቅ ሜዳ አይቶ ተመለሰና ሰው ሰበሰበ። “ቤተሰብ የሚቀመጥበት ልዩ ቦታ ያስፈልገናል። እናቶችና ሕፃናት ከጎረምሳ ጋር መጋፋት የለባቸውም። ቤተሰብ ከመጣ ስድብ ይጠፋል” አለ።

ነጋዴው እጁን አነሣና “ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ተረተሩ ላይ የቆምነው የማን ቤተሰብ ነን? ከድንጋይ ነው የተፈለፈልን?” አለው።

ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቀም። “እርስዎን አይመለከትም፣ እርስዎ ደጋፊ ነዎት” አለው። እንግዴህ ልብ በይ። እኔ ቤተሰብ፣ እሱ ደጋፊ። ሀያ ዓመት ጎን ለጎን ስንቆም አላወቅነውም ነበር።

እንግዶቹ የሚያዩት ጨዋታ ከጎረቤት ከተማ ከወገዳ ልጆች ጋር ነው። በዋዜማው ሰብሳቢው ቤቴ ድረስ መጣ። “እናቴ፣ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ለእርስዎ ቦታ ይዣለሁ። ከእንግዶቹ አጠገብ ነው። የአጥቂው እናት ብዬ አስተዋውቅዎታለሁ” አለኝ። አሁን አንቺን ልዋሽሽ አልችልም፤ ደስ አለኝ። ነጠላዬን አጠብኩ። እንዝርቴን ቤት ተውኩት፣ ከእንግዳ አጠገብ ተቀምጦ መፍተል ነውር ይሆናል ብዬ። እንዲህ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ሌላ ሰው አላለኝም።

በማግስቱ ሜዳ ብደርስ የቤተሰብ መቀመጫ ያሉት የእድራችን ድንኳን ነው። የለቅሶው ድንኳን። አግዳሚዎቹም የእድሩ ናቸው። ከየት ያምጡ ሌላ? ያ ባሕር ዳር ያየ ሰው፣ ያ ሁሉ ወሬ፣ መጨረሻው የእድሩን ዳኛ አስለምኖ ድንኳን መዋስ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ባሌን ያለቀስኩት እዚያ ድንኳን ውስጥ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ያለውን ቀዳዳ የጣፍኩት እኔ ነኝ፣ በቡኒ ጨርቅ፤ እሱም እዚያው አለ።

ገባን። እግር እንዴት እንደለመደ ተመልከቺ። ሴቶቹ ከበሩ ሲደርሱ ጎንበስ ይላሉ። ነጠላቸውን ማንም ሳያዛቸው ለለቅሶ እንደሚለብሱት አደረጉት። ጨዋታ እናይ ብለው የመጡ ሰዎች ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ቁጭ አሉ። ልጆቹ ሊሮጡ ሲሉ እናቶቹ “እሽ” ይሏቸዋል። አጠገቤ የሰብሳቢው ሚስት ናት፣ ጃንጥላዋን ከድንኳን ውስጥ የዘረጋች። “ጸጥታው ደስ ይላል፣ አይደል?” ትለኛለች በሹክሹክታ። በሹክሹክታ እኮ ነው፣ ኳስ ሜዳ ላይ።

ጨዋታው ተጀምሮ ጥቂት እንደቆየ አንድ ከስማዳ የመጣ ሽማግሌ በመንገዱ ሲያልፍ ድንኳኑን አየ። ዱላውን ከበሩ አስደገፈ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠና በጋቢው ጥግ ዓይኑን ጠረገ። ትንሽ ቆይቶ ወደኔ ጠጋ አለ።

“እግዜር ያጥናችሁ። ማን ነው ያረፈው?”

“ጨዋታው ነው አባቴ” አልኩት።

“እኔስ አላውቀውም” አለ። “ልጅ ነበር?”

“ልጅ ነበር።”

“አዬ” ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አልሄደም እኮ። እስከ እረፍት ድረስ አብሮን ተቀመጠ። ከሁላችን ይልቅ እሱ ቦታውን አውቆታል።

ተረተሩ ደግሞ ሌላ ጉድ ሆነ። እናት የሚባል ከዚያ ተለቅሞ ድንኳን ገብቷል። የቀረው ጎረምሳ ነው። ለካ ያ ጎረምሳ አፉን ይዞ የኖረው በእኛ ነበር። የዚያን ቀን የሰማሁትን ስድብ በዕድሜዬ አልሰማሁም፣ አንቺም አትጽፊውም። የወገዳውን በረኛ፣ የራሳቸውን በረኛ፣ ዳኛውን፣ የዳኛውን እህት። ሽማግሌዎቹ አፍረው አንድ አንድ እያሉ ወረዱ። ነጋዴው ብቻውን ሲከራከር ከሩቅ ይታየኛል፤ ማን ይሰማዋል። ሰብሳቢው ይኼን ሁሉ እየሰማ ወደኛ ዞሮ ፈገግ ይላል። የኛ ወገን ጸጥ ብሏላ። ስድብ ጠፍቷል ማለት ነው።

ልጄ ኳስ አገኘና እንደልማዱ ወደ ተረተሩ ቀና አለ። የለሁም። ዓይኑ ሲንከራተት አየሁት። ኳሷን ነጠቁት። ሁለተኛም እንዲሁ። በሦስተኛው ከወገዳ በረኛ ጋር ብቻ ለብቻ ቀረ፤ ያኔ ከተቀመጥኩበት ሆኜ “አለሁ” አልኩ። ጮክ ብዬ። ከአጠገቤ “አለን” የሚል ጠፋ። ሰብሳቢው ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ “እናቴ፣ እዚህ ጩኸት አልተፈቀደም፣ እንግዶቹ ይታዘቡናል” አለኝ። ልጄ ግን ሰምቷል። ዞር አለና አየኝ፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ፣ ፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ አባቱ የሞተ ጊዜ በተቀመጥኩበት ቦታ። ኳሷን ወደ ሰማይ ሰቀላት። ከዚያ ቦታ ሕፃን ልጅም አይስታትም።

አልተነሣሁም። ይኼን ጻፊው። መነሣት ነበረብኝ፣ ግን የሰብሳቢው ሚስት ክንዴን ይዛለች፣ እንግዶቹ ሁለት ክንድ ርቀው ተቀምጠዋል፣ ነጠላዬ ነጭ ነው። አፈርኩ። በማን እንዳፈርኩ ዛሬም አላውቅም። አንድ ለዜሮ እየተመራን እረፍት ወጣን።

ልጄ ውሃውን ትቶ ወደ ድንኳኑ መጣ። ከገመዱ ማዶ ቆመ።

“እማ፣ ከዚያ ውጪልኝ።”

“ምን ሆንክ?”

“አባዬን አልቅሰን ያልወጣን ይመስለኛል። ውጪልኝ በሞቴ።”

ተነሣሁ። ሰብሳቢው እጁን ዘርግቶ “እናቴ፣ ቦታዎን አይልቀቁ፣ በኋላ ፎቶ አለ” አለኝ። “ፎቶህን አግዳሚውን አንሣው” ብዬ በክንዱ ስር ሾልኬ ወጣሁ። እኔ ስወጣ የበረኛው እናት ተከተለችኝ፤ ከዚያ ሌሎቹ። ሽማግሌውም ለቅሶው የተበተነ መስሎት ዱላውን አንሥቶ ሄደ።

ተረተሩ ላይ ስንደርስ ነጋዴው “እትዬ፣ ከመንግሥት ቤት ተመለሱ?” አለኝ።

“ተባርሬ ነው” አልኩት።

“እኔም እዚህ ከእነዚህ ጋር ታስሬ ነበር” አለና ወደ ጎረምሶቹ ዞረ። “አሁን ስደቡ እስቲ፣ እናቶቻቸው መጡ።” አንድም የተናገረ የለም። አንደኛው እንዲያውም ድንጋይ ጠርጎ “እዚህ ይቁሙ እማማ” አለኝ። ያው ነው፣ ቅድም የዳኛውን እህት ያነሣው።

ሁለተኛው ግማሽ ተጀመረ። “አለሁ” አልኩ። “አለን” አሉ። ልጄ ትከሻው ሲፈታ ከላይ ታየኝ። አንዱን በግራ እግሩ አገባ፤ በግራው መምታት እንደሚችልም አላውቅም ነበር። ሁለተኛውን ሁለት ተከላካይ ጥሎ፣ በረኛውን አስተኝቶ፣ እየተራመደ አገባው። የወገዳ ሰው ራሱ አጨበጨበ። እኔ እልልታዬን ስጨርስ ወደ እንግዶቹ ዞርኩ፣ ፊታቸውን ልይ ብዬ።

የሉም። አግዳሚው ባዶ ነው። ሰብሳቢውም የለም፣ ሚስቱም፣ ጃንጥላዋም።

ለካ በእረፍት ሰዓት ሥጋ ቤት ወስዷቸዋል። እንግዳ ተርቦ አይቀመጥም ብሎ። እንግዶቹም ያዩት ይበቃናል ብለው ነው የሄዱት፤ ያዩት ደግሞ ያን የለቅሶውን ግማሽ ነው። ከሥጋው ወደ መኪናቸው፣ ከመኪናቸው ወደ ደብረ ታቦር። አንድ የወገዳ ልጅ መርጠዋል፣ ያን በመጀመሪያው ግማሽ ያገባውን። በልጁ አልፈርድም፣ ሸጋ ልጅ ነው። ልጄ ያን ማታ ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ።

ሳምንት ሳይሞላ ሰብሳቢው ደብተሩን ይዞ ከደጄ ቆመ። ግባ አላልኩትም። በዕድሜዬ ደጅ ያቆምኩት እንግዳ እሱ ብቻ ነው።

“እናቴ፣ ሪፖርት ልንልክ ነው። የተጫዋች ቤተሰቦች በመቀመጫው ተደስተዋል የሚል። የእርስዎ ጣት ቢኖርበት ይከብራል።”

“ምን ምን ይላል?”

አነበበልኝ። ስድብ ጠፍቷል ይላል። ቤተሰብ ተከብሯል ይላል። እንግዶች ረክተው ተመልሰዋል ይላል። ይኼኛውስ እውነት ነው፣ ሥጋው ጮማ ነበር አሉ።

“ልጄ ሁለት አግብቷል። እሱንስ ጽፈኸዋል?”

“እሱ የጨዋታ ነው። ይኼ የመቀመጫ ሪፖርት ነው።”

“እንግዲያው ጨዋታ ያላየኸውን አንተን ያስፈርሙህ” አልኩት።

ልጄ ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል፣ አላየሁትም ነበር። ሰብሳቢው አየውና ድምፁን አለሰለሰ። “ለከርሞ ስሙን አነሣለሁ። ዕድሜውንም ቢሆን እናስተካክላለን። እኔ ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ” አለ። ውሸት መሆኑ ከአፉ ሳይወጣ ይታወቃል። ዞሬ ልጄን አየሁት። ቀና ብሏል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀና ሲል አላየሁትም ነበር።

ጣቴን ሰጠሁት። ቀለሙን ሰብሳቢው ራሱ ቀባኝ፣ ጣቴን ራሱ ይዞ ወረቀቱ ላይ ተጫነው። አመስግኖ ሄደ።

ከርሞ መጣ፤ ማንም አልመጣም፣ ስምም ያነሣ የለም። ሰብሳቢው ደብረ ታቦር ሹመት አግኝቶ ሄዷል፤ ሥራው ተወዶለት ነው አሉ። ልጄ ግንበኛ ሆነ። ጥሩ ግንበኛ ነው፣ ይኼ የምንኖርበት ቤት የሱ እጅ ነው። ኳስ ሲነሣበት ግን ተነሥቶ ይወጣል። በዚያ ሰውዬ ብዙ ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ፣ ከረባቱን እያነሣሁ። ግን ወረቀቱን ያከበርኩለት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም እናት አልፈረመችለትም።