የላላው ሰገባ

ፊደል በቅጡ ሳልለይ ለመጻፍ በመድፈሬ ይቅር በሉኝ፤ የአክስቴ ነገር በሆዴ ከሚቀር ብዬ ነው።

አክስቴና ባሏ እንደኛው ኦርኮች ናቸው፤ ክራንቻቸው ከከንፈራቸው ብቅ ያለ፣ ትከሻቸው በር የሚሞላ። እሷ የሰይፍ ሰገባ ትሰፋለች፤ እሱ ቃላቸውን ከማያጥፉት ሰይፈኞች ማኅበር ነው። በማኅበሩ ሕግ፣ ሰይፉን በአንድ እጅ መምዘዝ ያቃተው ይሰናበታል።

የባሏ ጣቶች በእርጅና ሲደርቁ፣ አክስቴ ሰይፉን የሚወለውልበትን ሰዓት ጠብቃ፣ በቀላሉ እንዲመዘዝለት የሰገባውን ስፌት ፈታ አደረገችው።

«አንቺ፣ ይሄ ነገር ላላሳ።»

«ቆዳም እንደኛው ያረጃል።»

«እኔ ሳረጅ ደረቅኩ እንጂ መች ላላሁ?» ብሎ ሳቀና ወዲያው ገባው። «ጉድ ሠራሽኝ። ሄጄ መናገሬ ነው።»

«ያባርሩሃላ።»

«ዋሽቼ ከምቆይ ብባረር ይሻለኛል።»

ሄዶ ተናገረ። ሽማግሌው የማኅበሩ አለቃ ሰሙትና፣ «መልሱን ነገ እቤትህ አመጣለሁ» አሉት። አክስቴ ልቧ እንደተሰቀለ አደረች።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ስትከፍት፣ አለቃው የራሳቸውን ሰገባ በብብታቸው ሸጉጠው ቆመዋል።

«የኔም ጠብቋል፣ እህቴ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አክስቴ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና፣ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ብላ መርፌዋን አነሳች።