ሽማግሌ የተላከባት የራቤሏ ሴት

ኮከቤን ቅንድቧ ላይ ዱቄት ሳይኖር ያያት የዘመሮ ሰው ጥቂት ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ገበያው አጠገብ በተተከለው የናፍጣ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ የምትቆመው እሷ ነበረች። ገብስም ስንዴም ባቄላም የጫነ ሁሉ በፊቷ ያልፋል። ሞተሩ ሲግል ወፍጮው ይቆማል፤ እስኪበርድ ድረስ ኮከቤ ከጆንያዎቹ መካከል ተቀምጣ ልብ ወለድ ትጽፋለች። ዓለም ከተማ ዘመድ ቤት ተቀምጣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ናት። ተምራ ተምራ ወፍጮ ቤት ቀረች ብለው የሚያዝኑላት ነበሩ። እኔ አላዘንኩላትም። ፊደል የቆጠርኩት ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ያነበብኩት ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን እሷ በጻፈችው ገጽ ላይ አንድ ሰው በር ከፍቶ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ጭቃውን ሁሉ ከደጃፉ ላይ አራግፎ ነው የገባው!

የምነግራችሁ ነገር ካለፈ በኋላ፣ ሰው እንዴት አድርጋ እንደምትፈጥር አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«ኮከቤ፣ መጀመሪያ የምታስቢው መልኩን ነው ስሙን?»

«አይ ጋሼ ተክለጻድቅ፣ መልክማ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ጎረቤት ሲለምነው የማያውሰው ዕቃ ምንድን ነው ብዬ ነው።»

«ሁሉን የሚያውስ ደግ ሰው ቢሆንስ?»

«እንግዲያው ዋሽቶኛል፤ አባርረዋለሁ!»

ከዚያ ቀደም ደግሞ አንድ ሰሞን ግራ እግሯን እየጎተተች ስትሄድ አየኋት። ምን ሆንሽ ብላት፣ «እኔ ምንም አልሆንኩም፤ ከፈረስ የወደቀው አንድ የግሼ ሰውዬ ነው» አለችኝ። ለካ ስለዚያ ሰውዬ ስትጽፍ ኖሯል። እናቷ ገበያነሽ ግን ይህን ሳታውቅ ወጌሻ አስመጥታ፣ ወጌሻውም ደህናውን እግር ሲያሽ ውሏል።

የፈጠረችውን ሰው የምትፈትንበት ትልቁ ቦታ ግን የወፍጮ ቤቱ ወረፋ ነበር። አዲስ ሰው በሐሳቧ ሲጸነስ ለወረፋው እንደ ወሬ ታወራዋለች። «ራቤል አገር አንዲት ሴት አለች አሉ» ብላ ትጀምርና ሚዛኑን እያየች ጆሮዋን ታቆማለች። ሰው ሰምቶ ዝም ካለ፣ ያቺ ሴት በዚያው ቀረች። ወረፋው ለሁለት ተከፍሎ ከተጨቃጨቀ ግን ፊቷ ይበራል፤ ያቺ ሴት ነፍስ ዘራች ማለት ነው። ከወረፋው አብዛኛው ይህን ነቅቶበት አብሯት ይጫወታል። ያልነቃም አለ።

የትምወርቅም እንዲሁ ነው የመጣችው። አንድ ቅዳሜ ኮከቤ እንዲህ አለች፦ «ራቤል የትምወርቅ የምትባል ሴት አለች አሉ። ባሏ ሞቷል። ሱፍ ፈትላ ነው የምትኖረው። ለጎረቤት የዘር ገብስ ሳይቀር ትሰጣለች፤ እንዝርቷን ግን እናቷ እንኳ ከመቃብር ተነሥታ ብትለምናት አታውስም።»

ጠላ ነጋዴዋ ደብሪቱ ቀድማ ተነሣች። «ምን ዓይነት ሥሥት ነው? ዘር ሰጥቶ እንዝርት መንፈግ!»

«ለምን ትስጥ? እሷ በምን ትፈትል?» አለ ሌላው።

«ሁለት እንዝርት አይገኝም እንዴ በራቤል?»

በዚህ መሐል አንድ ድምፅ፣ «ልክ ናት!» አለ። ሁላችንም ዞረን አየን። ምንይሉ ነበር።

ምንይሉ ከከተማው በታች የሚኖር ገበሬ ነው፤ ጥሩ ጥሩ በጎች አሉት። ሚስቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ እህሉን አስፈጭቶ ይሄዳል እንጂ ቃል አይወጣውም ነበር። ወንድሞቹ ሴት ቢያጩለት እምቢ ብሏል። ያን ቀን ግን ቆሞ፣ «እጅ የለመደው ዕቃ ሌላ እጅ ከነካው ይበላሻል። ሴትዮዋ ሥራ የምታውቅ ናት» ብሎ ተናገረ። ደብሪቱ፣ «ተመስገን! በሬ የዋጠው መስሎኝ ነበር ምላሱን» አለች፤ ወረፋው በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲያ ምንይሉ በመጣ ቁጥር፣ «ያቺ የራቤሏ እንዴት ናት?» ይላታል። ኮከቤ እሱም እንደ ሌላው የጨዋታው ተካፋይ መስሏት፣ እንዲህ ያለ አድማጭ በማግኘቷ እየፈነደቀች ትጨምርለታለች። ዛሬ የትምወርቅ ከአጥቢያ ዳኛው ጋር ተከራከረች፤ ዛሬ ጠቦቷ ገደል ገባባትና ራሷ ወርዳ አወጣችው፤ ዛሬ ደግሞ ከማንም ቃል ሳትለዋወጥ ስትፈትል ዋለች። እሱም እየሰማ ፊቱ ይለወጣል። እህል ለማስፈጨት የሚመጣበት ጊዜ እየተቀራረበ ሄደ። አንድ ሰው ይህን ያህል ዱቄት ምን ያደርግለታል? እኛም ልብ አላልንም።

ከዚያማ አንድ ጠዋት ቤቴ መጣ። ጋቢው አዲስ ነው። ጉልበቴን ሳመና፣ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ» አለኝ።

«ለማን?»

«ለራቤሏ የትምወርቅ።»

እኔም በዚያን ጊዜ ካልነቁት አንዱ ነበርኩ፤ የምታወራውን ሁሉ በእውነት ያለ ሰው አድርጌ እሰማ ነበር። እጅግ ደስ አለኝ። ደም የተቃቡ ሰዎች አስታርቄ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ሽምግልና ወጥቼ ባዶ እጄን የተመለስኩበት ቀን የለም። ወገኖቿን የሚያውቅ ከኮከቤ በቀር ስላልተገኘ፣ ነገሩን በእሷ በኩል ልንጀምረው ቄስ ኃይለ ኢየሱስን ይዤ ወደ ገበያነሽ ቤት ሄድኩ። በትራችንን ተደግፈን ደጃፉ ላይ ቆምን።

ገበያነሽ ሁለት ሽማግሌ በሯ ላይ ቆመው ስታይ ለልጇ የመጣን መስሏት ተጣደፈች። አጎዛ አነጠፈች፣ መልሳ አነሣች፣ ሌላ አነጠፈች። «ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ!»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቄሱ። «የመጣነው ለአቶ ምንይሉ የራቤሏን የትምወርቅን ልንጠይቅ ነው።»

«የትኛዋን የትምወርቅ?» አለች ገበያነሽ፤ አጎዛው እጇ ላይ ቀረ።

ኮከቤ ከጓዳ ብቅ አለች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ የእኛን ፊት አይታ ደነገጠች። «አባ፣ የትምወርቅ እኮ የለችም! እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

እኛ ግን ኮከቤ በየትምወርቅ ወገኖች ፈንታ ሰበብ የምትፈጥር መሰለን፤ የአገራችንን ልማድ የሚያውቅ ሰው ይፍረደን። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ወላጅ በመንዝ ምድር የለም። ልጅ ናት ይባላል፤ ለሌላ ተሰጥታለች ይባላል፤ አጎቷ አልተጠየቀም ይባላል። ሽማግሌም ይህን ሰምቶ ይመለስና ደግሞ ይመጣል። ተመልሰን ስንሄድ ቄስ ኃይለ ኢየሱስ በደስታ በትራቸውን ወዘወዙት። «ስንት ሰበብ ሰምቻለሁ፤ ልጅቷ ጭራሽ የለችም የተባልኩት ግን ዛሬ ነው! ትልቅ ቤተሰብ መሆን አለባቸው!»

«እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት» አልኩ።

ለምንይሉ መልሱ ደግ እንደሆነ ነገርነው። እሱም የቤቱን ክዳን አደሰ፣ በረቱን ጠረገ፣ ለጥሎሽ የሚሆኑ በጎችን ለየ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። የነቁትም በየጓዳው መሳቅ ጀመሩ፤ ለእሱ ደፍሮ የሚነግረው ግን ጠፋ።

ሁለተኛ ስንሄድ ኮከቤ በሩ ላይ ጠበቀችን። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይዣችኋለሁ፤ ሰበብ አይደለም። ሰውዬው መሳቂያ ሊሆን ነው። ራሱን አምጡልኝ።»

«አግቢው ሽማግሌ ተከትሎ ይመጣል እንዴ? ምን ዓይነት ሥርዓት ነው?» አልኳት።

«ሚስትስ ሳትወለድ ትታጫለች እንዴ?» አለች ገበያነሽ ከውስጥ። ይኼኔ ነገሩ ገባኝ። በትሬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ቄሱም አማተቡ።

ልከንበት ምንይሉ መጣ፤ አዲሱን ጋቢ ለብሶ ነው የመጣው። ኮከቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ምንም ሳትደብቅ ነገረችው። የየትምወርቅን እንዝርት የወሰደችው ከራሷ እናት ከገበያነሽ ነው። አካሄዷን ዓለም ከተማ አውቶቡስ ስትጠብቅ ካየቻት ሴት ወሰደች። ጠቦት ከገደል ማውጣቷን ከደብሪቱ ወሰደች።

«ዝምታዋንስ?» አለ ምንይሉ።

ኮከቤ አቀረቀረች። «እሱን ከእርስዎ ነው የወሰድኩት። ወረፋ ላይ ቆመው ሳይ።»

ቄስ ኃይለ ኢየሱስ ለሰውዬው አዝነው፣ «ምናለበት፣ ሴትዮዋ አልፈቀደችም ተባለ ብለን እንመለሳለን። በሴት እምቢ መባል በማንም ይደርሳል፤ አያሳፍርም» አሉ።

እኔም ጥሩ መላ ነው ልል ነበር። ምንይሉ ግን ብድግ አለ።

«የለም አባ! እምቢ አለች ካላችሁኝ እሺ እስክትል እጠብቃታለሁ። እኔ ራሴን አውቃለሁ፤ እስክሞት እጠብቃታለሁ። የለችም በሉኝ።»

ኮከቤ ቀና ብላ አየችው። «የለችም» አለችው፤ እንባዋ ዱቄቱን ይዞ ወረደ።

ምንይሉ ቁጭ አለ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በወረቀቱ ላይ ምን ልታደርጊያት ነው?»

«ለአንድ የዓለም ከተማ ነጋዴ ልድራት ነበር።»

«ለነጋዴ? አትቀበለውም!»

«ሀብታም እኮ ነው፤ ደግሞ ደግ ነው።»

«ቢሆንስ! ያችን የሚያህል ሴት በሚዛን ከሚሰርቅ ሰው ጋር?»

«አይሰርቅም!»

«ነጋዴ ነው አላልሽም እንዴ?»

ሁለቱ ተያያዙ። ቄሱ በነጋዴው በኩል ቆሙ፤ ገበያነሽ ከምንይሉ ጋር ሆነች። ኮከቤ እየተከራከረች ዓይኗ እንደ ፋና ይበራል። በመጨረሻ እጇን ወደ ላይ አነሣች። «በቃ፣ ነጋዴው እምቢ ተብሎ ተመልሷል! ብቻዋን ትኖራለች!» ያን ጊዜ ሁላችንም ሳናውቀው ተቀምጠን እህል ውሃ ቀምሰን ኖሯል።

ቅዳሜ ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ምንይሉ ጆንያውን አውርዶ ሚዛኑ አጠገብ ቆመና ድምፁን ከፍ አደረገ። «ስሙኝ! የትምወርቅ የምትባል ሴት የለችም። እኔ ሽማግሌ ልኬባታለሁ። መሳቅ የሚፈልግ አሁን እዚሁ ይሳቅና ይውጣለት!»

መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ነው። ከዚያ ወረፋው ፈነዳ። ነገር ግን ወዲያው ሳቁ ወደ ኮከቤ ዞረ።

«ቆይ፣ ያ የግሼው ፈረሰኛስ?» አለች ደብሪቱ።

«እሱም የለም።»

«ያ የእህቱን መሬት ነጠቀ ያልሽንስ?»

«የለም፣ እትዬ።»

«አንቺ የተረገምሽ! ከፋሲካ ጀምሮ በየጸሎቴ እየረገምኩት እኮ ነው!»

ሞተሩ ተነሥቶ የማንም ድምፅ እስከማይሰማ ድረስ ተሳቀ። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። ምንይሉ ተከትሎኝ መጣና ፊቴ ቆመ። ጋቢው ዱቄት ለብሷል፤ ፊቱ ግን የድሮው ምንይሉ ፊት አልነበረም።

«ጋሼ» አለኝ፣ «አሁን ደግሞ በእውነት ያለች ሴት ፈልጉልኝ።»

በዚያው ሳምንት ከቄሱ ጋር ተነሥተን ፍለጋ ወጣን።