ሚሊሜትር እና የእኔ በር

ታናሽ ወንድሜ አናጺ ነው። ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል፤ ሁለት ጊዜ ሳይለካ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ቁጥሩን እንጨቱ ላይ ሳይጽፍ መጋዝ አይነካማ! አንዴ መደርደሪያ ሊሰቅልልኝ መጥቶ ግማሽ ቀን ግድግዳዬን ሲለካ ዋለ።

አሥራ አራት ዓመት አንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ሠራ። ታዲያ አንድ ቀን ድርጅቱ ደንበኛን ስንት እንደሚያስከፍል አየና ደሙ ፈላ።

«እትዬ፣ እኔ በወር የማገኘውን እነሱ በአንድ ቁም ሳጥን ያገኙታል! በቃኝ፣ ለብቻዬ እሠራለሁ» አለኝ።

«አንተ ልጅ፣ ደሞዝ ትንሽ ብትሆንም ቀኗን ጠብቃ ትመጣለች» አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሥራውን ለቀቀና የራሱን ሱቅ ተከራየ።

ዋጋ ሲተምን የእንጨቱን ሒሳብ ይይዝና የድሮ የቀን ደሞዙን ይጨምርበታል። አለቀ። የሱቅ ኪራይ በለው፣ መብራት በለው፣ ግብር በለው፣ ሥራ የሚጠፋበት ሳምንት በለው፣ አንዱም የለበትም። ለሰው እንጨት በሚሊሜትር የሚጨነቀው ሰውዬ ለራሱ ሲሆን በስንዝር ይለካል! ርካሽ ነውና ደንበኛ ጎረፈ። እኔም ሞኟ ደስ አለኝ።

ጉዱን የነገረችኝ ሚስቱ ናት። አንድ መምህር ለአልጋ በሰጠው ቀብድ የሱቁን ውዝፍ ኪራይ ከፈለ። አንዲት ሐኪም ለኩሽና ካቢኔት በሰጠችው ቀብድ ደግሞ ለመምህሩ አልጋ እንጨት ገዛ። ለሐኪሟ ካቢኔት ግን እንጨት መግዣ የለውም። ሴትዮዋ ደግሞ «እስከ አርብ ገንዘቤን ካልመለስክ በሕግ አስይዝሃለሁ» ብላዋለች።

«ስልኩ ሲጠራ ትራስ ሥር ይከተዋል። ልጆቹም ድምፁ እስኪያቆም አይናገሩም» አለችኝ።

ረቡዕ ጠዋት ራሱ መጣ። ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ። በሬን ገፋ መለስ አደረገና፣

«እትዬ፣ ይሄ በር አርጅቷል። አዲስ ልሥራልሽ። ግማሹን ቀብድ ትሰጪኛለሽ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ምን ያረጃል! ከሦስት ዓመት በፊት የሠራው ራሱ ነው።

«ለምን ቸገረኝ አትለኝም? እህትህ አይደለሁ?»

«ልመና አይደለም፤ ሥራ ነው» አለ።

ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳትን አውጥቼ ሰጠሁት። የሐኪሟን ቀብድ ሩብ እንኳ አትሞላም። ለወጉ ያህል ሜትሩን ዘርግቶ በሩን ለካ፣ አንዴ ብቻ። እርሳሱን ከጆሮው አላወረደም።

ሲወጣ በመስኮት ተከተልኩት። በጡረታዋ የምትኖረው ጎረቤቴ በር ላይ ቆመ። አንኳኳ። ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ወንድሜ ነው፤ መልሼ ዘጋሁት።

«ደህና አደሩ፣ እማማ» ሲል ሰማሁት። «ይሄ በር እኮ አርጅቷል።»