እናኑን ሰባተኛ ክፍል ለማስገባት

ሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አዲስ ቅዳም

መስከረም ገብቷል፤ ዝናቡ ግን አልወጣም። ፒስታ መንገዱን ጉም ሸፍኖታል። ድንች የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ እናኑ ከመሀል፣ እኔ ከዳር ተቀምጠናል። እዚህ ክሊኒክ ድሬሰር ነኝ። ልጄ ስድስተኛን ጨርሳለች፤ ሰባተኛ ክፍል ግን እኛ ዘንድ የለም። ዳንግላም ቆሰበርም ዘመድ ስላለን ሁለቱን አይተን ልንመርጥ ነው።

"ዳንግላ ነው እንጂ፣ ዶክተር!" አለኝ ሾፌሩ። "ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ። ምን ያማርጣሉ? አንቺስ የቱን ትወጃለሽ?"

እናኑ ጉሙን ማየቷን ቀጠለች።

"ኮራችብኝ!" ብሎ ሳቀ።

ኩራት አልነበረም። በሾፌሩ በኩል ያለው የግራ ጆሮዋ አይሰማም። በሕፃንነቷ መግል ሲይዘው ያከምኳት እኔው ነኝ፤ አላዳንኩትም። ከትምህርት ቤት እንዳይመልሷት ፈርተን እኔና እናቷ ለማንም ላለመናገር ተስማምተናል።

ረፋድ፣ ዳንግላ

ሾፌሩ አልዋሸም። የመጻሕፍት ክፍል አለ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ጎን ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል። ዲሬክተሩ በአክብሮት ተቀብለውን እናኑን ለሙከራ ክፍል አስገቧት። ክፍሉ ጢም ስላለ ከኋላ ተቀመጠች። እኔ በመስኮት አያለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የመምህሩ አፍ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፁ አይሰማም።

"እንዴት ነው?" አልኳት ስትወጣ።

"ጥሩ ነው፣ አባየ።"

ደብተሯን ገለጥኩ። የእንግሊዝኛው ቃል ጽሕፈት አንድ ቃል፣ ባዶ፣ አንድ ቃል፣ ባዶ ነው። ምሳ ቤት ሽሮ አዘን እሷ ስትበላ እኔ ደብተሩን ደግሜ ገለጥኩ።

ማክሰኞ ጧት፣ ቆሰበር

ማታውን እህቴ ቤት ደርሰን አደርን። እዚህ ሰባተኛ ክፍል የሚማሩት ሕዝቡ በእንጨትና በጭቃ በሠራው ቤት ነው። ክዳኑ ሣር ነው፣ አንዱ ጥግ ያፈሳል፣ መጻሕፍቱ አንድ ሣጥን አይሞሉም። ቅር አለኝ።

ለመምህሩ፣ ሸምገል ላሉት ሰው፣ ውጤቷን መዘርዘር ስጀምር እናኑ ቀደመችኝ።

"ጋሼ፣ የግራ ጆሮዬ አይሰማም። ከፊት፣ በግራ በኩል ልቀመጥ?"

ክው አልኩ። መምህሩ አንድም ነገር ሳይጠይቁ ቦታ አስለቀቁላት። ከዚያ በስተቀኝ እስከ በሩ ሄደው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ "ከዚህ ይሰማሻል?" አሏት።

ውጭ ይዘንባል፤ ሣሩ ግን ድምፁን ውጦታል።

"ይሰማኛል!"

"በይ፣ ቦታሽ እሱ ነው። እንኳን ነገርሽኝ።"

ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ ቅዳም

እናኑን እህቴ ዘንድ ትቼ ብቻዬን ተመለስኩ። ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማለች።

"የቱ ሆነ?"

"ቆሰበር። ቤቱ ያፈሳል፤ መጽሐፍም ያን ያህል የለውም።"

"ታዲያ ምን አይተህ?"

"መምህሩ የጆሮዋን ነገር ያውቃሉ።"

ፊቷ ተለወጠ። "ነገርካቸው?"

"ራሷ ነገረቻቸው።"

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። "እኛ ስንት ዓመት ስንደብቅ..." ብላ ሳትጨርሰው ሳቋ አመለጣት፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ጭቃ የያዘ ጫማዬን ሳላወልቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እስቲ ምን ብላ ነገረቻቸው?"

ነገርኳት።

"ድገምልኝ" አለች።