አልጋ ያለው መንገድ

እኛ አገር በሽታ ሁሉ መንገድ አለው። ስሙን ያወጡት ሐኪሞቹ ናቸው፤ የልብ መንገድ፣ የሳንባ መንገድ፣ የወገብ መንገድ። መድን ድርጅቱም ለሆስፒታሉ የሚከፍለው በሽተኛው የገባበትን መንገድ አይቶ ነው። እኔ ሚንካ፣ በዚህ በቡልጋሪያ ከተማችን ሆስፒታል ሾርባ ስቀዳ ያረጀሁ ነኝና ያየሁትን ልንገራችሁ።

ድሮ የሚከፈለው ሦስት ሌሊት ለተኛ ብቻ ነበር። አቤት ያኔ የነበረው ፍቅር! እትዬ ቶትካ ከተራራው መንደር ብቻዋን የምትኖር ባልቴት ናት፤ በየኅዳሩ ነጠላ ጫማዋንና ማንኪያዋን በዘንቢል ይዛ ከች ትላለች። ምን አመማት? ምንም! ዶክተር ክራሌቭ ግን በር ድረስ ወጥቶ ይቀበላታል።

"እትዬ ቶትካ! ዘንድሮስ በየትኛው መንገድ እንውሰድዎት?"

"ሞቅ ያለ ክፍል ባለበት።"

የሌለባት በሽታ ይጻፍላታል፣ ግሉኮስ ይተከልላታል፤ ሾርባዬን እያማች ሦስት ሌሊት ሞቋት ታድርና ትሄዳለች።

አምና ታዲያ ከላይ ያሉት ነቁ። በብዙዎቹ መንገዶች ጠዋት ታክሞ ማታ ቤቱ ለሚገባም እኩል ይከፈላል፣ አልጋ የሚቀረው ለጥቂቶቹ ብቻ ነው ተባለ። ሾርባውና ማሞቂያው ሊተርፍለት፣ ሆስፒታላችን ባንድ ጀንበር ሃይማኖቱን ለወጠ። "ሰው የሚድነው በቤቱ ነው፤ አልጋ ራሱ ያሳምማል" ይላል ክራሌቭ። ያው ሰውዬ እኮ ነው! ሳይተኙ መዳን የለም ሲል የከረመው።

እትዬ ቶትካ ደግሞ በዚያው ዓመት የእውነት ታመመች። ቡአ ወጣባት፤ ጠዋት ቀደው ሰፏት። አሥር ሰዓት ላይ ክራሌቭ መጣ።

"ይነሱ እትዬ፣ ጨርሰናል።"

"ኧረ በቅዱስ ኒኮላ! ደህና ሳለሁ ተኚ፣ ስትቀዱኝ ተነሺ?"

"ቤትዎ ይሻልዎታል። ብቻ ከባድ ነገር እንዳያነሱ።"

"ምድጃዬን ማን ያንድድልኝ? እንጨቱ በእግሩ ይመጣል?"

"ጎረቤት ይጥሩ።"

"ጎረቤቶቼማ መቃብር ውስጥ ናቸው፣ ልጄ። ልቀስቅሳቸው?"

እኔ አላስቻለኝም። "አልጋው ባዶ ነው፤ ዛሬን እንኳ ትደር" አልኩት።

"ባዶ ነው። የእሷ መንገድ ግን አልጋ የለውም" ብሎኝ ሄደ።

እኔ ቤት እደሪ ብላት "ዶሮዎቼን ማን ያያል?" ብላ እንቢ አለች። ዳቦና ሾርባ ዘንቢሏ ውስጥ ከትቼ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት።

በሦስተኛው ቀን አምቡላንስ መልሶ አመጣት። ብርዱ ሲጠናባት እንጨት አንስታ ስፌቱ ተተርትሯል። ክራሌቭ ቁስሉን አየ፣ የመንገዶቹን ዝርዝር ገለጠ፤ ፊቱ በራ። "የተፈታ ቁስል! ይሄኛው አልጋ አለው!" ብሎ ራሱ እየገፋ ሞቃቱ ክፍል አስገባት። ሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው፣ ያ የማያፍር!

ሾርባ ይዤላት ገባሁ። ማንኪያውን እኔ ያዝኩላት። ሁለቴ ፉት ብላ ቀና ብላ አየችኝ።

"አየሽ ሚንካ፣ መንገዱን አገኘሁት" አለች። "ድሮ ውሸት ይበቃቸው ነበር። ዘንድሮ ደም ጠየቁኝ።"