ኤልቃና ዌብማስተሩ

ኤልቃናን መገናኛ አካባቢ የማያውቀው የለም፤ ይህን የሚነግራችሁም ራሱ ነው። በ2006 ዓ.ም. ግድም “ዌብማስተር” የሚል ካርድ አሳትሞ ከሕንፃ ሕንፃ ሲያድል ይውላል፤ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ ኳየር ይዘምራል። ሙያ ብሎ የያዘው ደግሞ ይህ ነው፦ ሌላው ከፍሎ የሚገዛውን ፕለጊን፣ ዌብሳይት ላይ የሚገጠመውን ተጨማሪ ፕሮግራም ማለቴ ነው፣ ክራክ የተደረገ ቅጂውን ከጓደኛ ፍላሽ ገልብጦ ይገጥማል። አፕዴት የሚባል ነገር አያውቅም። የተሰረቀ ቅጂ ከየት አምጥቶ አፕዴት ይደረጋል?

መሪ ኮንዶሚኒየም ጀርባ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ወይዘሮ አሳየች የዚያው ቤተ ክርስቲያን አባል ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከዚያ ቤትና ከመልካም ስማቸው በቀር የቀራቸው ነገር የለም። “የራሳችን ልጅ እያለ!” ብለው ዌብሳይታቸውን ለኤልቃና ሰጡት። እሱም ለክፍል ማስያዣው ያንኑ የፍላሽ ቅጂ ገጠመላቸው።

ባንክ ውስጥ አይቲ ክፍል የምትሠራው ጎረቤታቸው ናዝሬት አይታ ደነገጠች።

“ኤልቃና፣ ይሄ ፕለጊን ቀዳዳ እንዳለው ከታወቀ ቆይቷል። አጥፋውና ኦሪጅናሉን ከሠሪዎቹ ሳይት አውርድ። የማትጠቀምበትን ሁሉ አስወግድ፣ ፓስወርዱንም ቀይር።”

ሳቀባት። “አንቺ ደግሞ! የመሪን ፔንሲዮን ማን ሀክ ያደርጋል?”

እንዲህ ያለ ባዶ ኩራት ያንገሸግሸኛል። ሀከር ሰፈር አይመርጥም፤ ክፍት ያገኘው ጋ ይገባል። ገባም። ብዙም ሳይቆይ ዌብሳይቱን የከፈተ ሁሉ ራቁታቸውን የሆኑ ሴቶች ያይ ጀመር። ካዩት አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ተሾመ ነበሩ። “አሳየች የሴተኛ አዳሪ ቤት ከፍታለች” የሚለው ወሬ ወሰን ሰፈር ድረስ ተዳረሰ።

ሴትዮዋ ሽማግሌዎች ፊት ቀረቡ። “እኔ ኮምፒውተር እንኳ መክፈት አላውቅም። ኤልቃናን ጠይቁልኝ” አሉ።

ተጠራ። “ጥፋቱ የኔ ነው” ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ይህ ፈሪ ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ “አባቶች፣ ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም፤ መንፈሳዊ ውጊያ ነው። በር ካልተከፈተለት ጠላት ሰው ቤት አይገባም” አለ።

ሽማግሌዎቹ በጣም የገባቸው መስለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ አሳየች ንስሐ እስኪገቡ ከጌታ እራት ታገዱ። ኤልቃናም እጁን ትከሻቸው ላይ ጭኖ፣ ጌታ ንስሐ እንዲሰጣቸው ጮክ ብሎ ጸለየላቸው። እሳቸውም እያለቀሱ “አሜን፣ ተባረክ ልጄ” አሉት።