ቁርስ ያልበላ ማነው?

ልጄ ዛሬ ጠዋት ሽቶዋንና ቅባቷን በትንንሽ ጠርሙስ እየገለበጠች፣ «እማዬ፣ ፈሳሽ ከመቶ ሚሊ በላይ በእጅ አያስገቡም» አለችኝ። ነገ በራሪ ናት። ሳቄ መጣ። ይህን ሕግ እኔ ፍተሻ ላይ ቆሜ እያለቀስኩ ነው የተማርኩት።

ያኔ ወሰን ሰፈር ነበር የምንኖረው። ለሥራ ቤሩት ልሄድ ነው። ፍልሰታ እንደተፈታ እናቴ ያን የነሐሴ ጭቃ እየረገጠች እንጦጦ ወጣችና በባለሁለት ሊትር ላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዛልኝ ወረደች። ነጠላዋ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል።

«ሻንጣ ውስጥ ከጫማ ጋር እንዳታደርጊው፣ ነውር ነው። በእጅሽ ያዥው። ሲያስፈራሽ በባዶ ሆድሽ ተጎንጪለት» አለችኝ።

አገር ለቅቄ አላውቅም፤ ከፓስፖርቴ ይልቅ ያን ጸበል ነበር የማምነው። የመሄጃዬ ቀን ደግሞ ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ አጉርሳ አጉርሳ ሸኘችኝ።

ፍተሻው ጋ ስደርስ ፈታሿ ላስቲኩን አነሳችው።

«እህቴ፣ ይሄ አያልፍም። ወይ ጠጪው፣ ወይ ድፊው።»

«ጸበል እኮ ነው!»

«ቢሆንስ? ፈሳሽ ነው።»

ጸበል የትም አይደፋ! እንዳልጠጣው በልቻለሁ። እንባዬ ወረደ። ያለ እሱ አውሮፕላኑ ላይ መውጣት፣ ያለ እሱ ሰው አገር መግባት አልታይሽ አለኝ።

«ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ ከኋላዬ የቆሙ ሽማግሌ። ነገርኳቸው። ወደ ሰልፉ ዞሩና፣ «ቁርስ ያልበላ ማነው?» ብለው ጮኹ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። «እኔ አለሁ፣ አባባ! ባሌ አጣድፎኝ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም» አለች አንዷ። ቆብ ያደረገ ጎልማሳ፣ «እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን ላቀብል» ብሎ ላስቲኩን ያዞር ጀመር። የጠጣው ሁሉ «መንገድሽን ያቅናልሽ» ይለኛል። ፈታሿም ግራ ቀኙን አየት አድርጋ፣ «ለእኔም ጠብ አድርጉልኝ፤ ሥራ ከገባሁ አልበላሁም» አለች።

ባዶ እጄን ገባሁ። ግን አውሮፕላኑ ውስጥ ወንበሬን ስፈልግ ከዚህም ከዚያም «ጸበልተኛዋ! ነይ በዚህ!» ይሉኛል። አውሮፕላኑ ሲነሳ ያቺ ባሏ ያጣደፋት ሴትዮ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። እሷም ፈርታ ኖሯል።

ለልጄ ምን እንደምሰጣት ሳስብ ዋልኩ። ማታ ላይ፣ «ሰልፍ ላይ ከፊትሽም ከኋላሽም ያለውን ሰላም በይ» አልኳት።

«እማዬ ደግሞ! ዛሬ ሰው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነው የሚሄደው።»

«ቢሆንም በይ።»

እንግዲህ እኔ አጠገቧ አልቀመጥ። የምታገኘው ሰው ነው እናቷ።